የተልባው ሣጥን

የሣጥኑን ክዳን ገልጬ ሳሸተው አዲስ ቀለም የተቀባ በር ሸተተኝ። ውስጡ ያለው የተፈጨ ተልባ ነው። ቦታው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን ወጣ ብሎ ባለ ሰፈር፣ ሁሉም ሰው «ኮኦፕ» የሚላት ትንሽ የኅብረት ሥራ የምግብ ሱቅ ናት። ክዳኑን መልሼ ገጠምኩ፤ የመጣሁበትን ምስር ክክ መዝኜ፣ ከፍዬ ወጣሁ። ለማንም ምንም አልተናገርኩም። በሁለተኛው ሳምንት ተመልሼ ስገልጠው ሽታው እንደዚያው ነው፤ ተልባው ግን ሦስት ጣት ያህል ጎድሏል። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ያ ሦስት ጣት ነው። የሆነ ሰው በወረቀት ከረጢት ቀድቶ፣ ለጤናዬ ብሎ፣ ቤቱ ወስዶታል።

ኪሴ ውስጥ የአባልነት ካርድ አለ። እዚያ ሱቅ አባል ማለት አክሲዮን የከፈለ፣ በጠቅላላ ጉባኤ አንድ ድምፅ ያለው ባለቤት ማለት ነው። ባለቤት የተበላሸ ዕቃ አይቶ ዝም ሲል ምን ይባላል? ለዚህ የራሳችን ቃል አለን፤ ይሉኝታ። «ሠራተኞቹ ቅር ይላቸዋል»፣ «ምናልባት የዚህ አገር ተልባ እንዲህ ይሆናል»፣ «ሌላ ሰው ይነግራቸዋል»። ሦስቱንም ለራሴ ብያለሁ። ሦስቱም ትክክል እንዳልሆኑ ለማየት ግን መጀመሪያ ስለ ሽታው ራሱ ማወቅ ያስፈልጋል።

ተልባ ለምን ቀለም ቀለም ይሸታል

ሠዓሊዎች ቀለም የሚበጠብጡበት፣ አናጺዎች እንጨት የሚያብሱበት ዘይት ከዚሁ ከምንበላው ተልባ የሚወጣ ነው። ዘይቱ አየር ሲያገኝ ኦክስጅን እየሳበ ይወፍራል፣ ይደርቃል፣ በመጨረሻም ይጠነክራል። ሠዓሊው የሚፈልገው ይህን ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ግን ያው ለውጥ ብልሽት ነው፤ አፍንጫዬ ያገኘውም እሱኑ ነበር።

ከተልባ ፍሬ ክብደት 40 በመቶ ያህሉ ቅባት ነው፤ ከቅባቱም ከግማሽ በላዩ ሰው ሁሉ «ኦሜጋ 3» እያለ የሚፈልገው ዓይነት ነው። እዚህ ላይ ደጋግሜ አስባለሁ፤ ተልባን ለጤና እንድንገዛው ያደረገን ቅባት ከሁሉ ቀድሞ የሚበላሸውም ቅባት ነው። ስለዚህ «የጤና ምግብ» የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይነግረንም። ያው ተልባ ትኩስ ሲሆን አንድ ነገር ነው፤ ተፈጭቶ ሦስት ወር ሲቀመጥ ሌላ ነገር።

ፍሬው ሙሉ ሳለ ቅርፊቱ ይጠብቀዋል። ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ላይ አንድ ዓመት ያህል ይቆያል። ሲፈጭ ግን ቅባቱ በሙሉ ለአየር፣ ለብርሃንና ለሙቀት ይጋለጣል። በዚያ ላይ ሣጥኑ ግልጽ ፕላስቲክ ከሆነና መብራት ሥር ከተቀመጠ፣ ክዳኑ በቀን ሃያ ጊዜ ከተከፈተ፣ ሦስቱም ጠላቶች አንድ ላይ ይመጡበታል። የተፈጨ ተልባ የግድ ከፈለጋችሁ ከማቀዝቀዣ የሚሸጠውን፣ ብርሃን በማያሳልፍ ከረጢት የታሸገውን ውሰዱ፤ ቤት ስትገቡም ፍሪጅ አስገቡትና በአንድ ወር ውስጥ ጨርሱት። ሙሉውን ገዝቶ በቡና መፍጫ ለሁለት ለሦስት ቀን የሚበቃ ብቻ መፍጨት ግን ከሁሉም ይሻላል።

አፈታተኑ ቀላል ነው። ቆንጥራችሁ መዳፋችሁ ላይ አሹት፤ ሲሞቅ ሽታው ይወጣል። ደህናው የለውዝ የለውዝ ይላል። የተበላሸው ቀለም፣ የከረመ ዘይት ወይም ዓሣ ይሸታል። ከተጠራጠራችሁ ቤት ወስዳችሁ ጥቂት ፍሬ አኝኩ፤ መጨረሻ ላይ የሚመርና ጉሮሮ የሚከረክር ከሆነ አልፎበታል። ይኸው ፈተና ዎልነት ለሚባለው የለውዝ ዓይነት፣ ለሰሊጥ፣ ለሱፍ፣ ለቡናማ ሩዝና ከነፉርሽካው ለተፈጨ የስንዴ ዱቄትም ይሠራል። ቡናማ ሩዝ ብዙ ሰው ያታልላል፤ ሩዝ ስለሆነ ዕድሜ ልክ የሚቆይ ይመስላል። ቅርፊቱ ላይ ግን ዘይት አለው፤ ክፍል ሙቀት ላይ ስድስት ወር ገደማ ነው ዕድሜው። ነጩ ሩዝ ዓመታት የሚቆየው ያ ቅርፊት ስለተነሣለት ነው።

ለጾም ኑግ ፍለጋ ለሚዞሩ አንድ ቃል ላክል። አሜሪካ ውስጥ በየሱቁ የሚገኘው ኑግ የወፍ ቀለብ ነው። ከውጭ ሲገባ አብሮት የሚመጣ የአረም ዘር እንዳይበቅል በሙቀት መታከም አለበት፤ ከዚያ በኋላ የሚከማቸውም የሚታሸገውም ለወፍ ተብሎ እንጂ ለሰው ምግብ ተብሎ አይደለም። ከዚያ ኑግ አትጭመቁ።

ሣጥኑ እንዴት ይሞላል

ትንሽ ሱቅ ውስጥ ጥራት የሚታወቀው ሣጥኑ በስንት ቀኑ ባዶ እንደሚሆን በማየት ነው። መለያ ወረቀቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሁለት ዓይነት ሣጥን አለ። አንደኛው ግድግዳ ላይ ቆሞ፣ እጀታው ሲሳብ ከታች የሚያፈስሰው ነው። አዲሱ ከላይ ይጨመራል፣ አሮጌው ከታች ይወጣል፤ በሐሳብ ደረጃ። በተግባር ግን መሐል መሐሉ እየፈሰሰ ጥግ ጥጉ ሳይነቃነቅ ይቀራል። በመስታወቱ ጎን ስትመለከቱ ቀለሙ የጠቆረ ወይም ዱቄት የለበሰ ጥግ ካያችሁ ያ ያልታጠበ፣ እንደቆመ በላዩ ላይ ሲጨመርበት የኖረ ነው። ሁለተኛው ክዳኑ ተከፍቶ በመጨለፊያ የሚቀዳው ነው። ይኼ የባሰ ነው፤ አዲሱ አሮጌው ላይ ይፈሳል፣ ገዢ ሁሉ ከላይ ይቀዳል፣ ሥር ያለው እዚያው ይከርማል። የኔ ተልባ የነበረው በዚህኛው ነው። ደንቡ ቀላል ነበር፤ አሮጌውን አውጥቶ፣ ሣጥኑን አጥቦ፣ አድርቆ፣ አዲሱን ከሥር አድርጎ አሮጌውን ከላይ መመለስ። ሥራ ሲበዛ የሚዘለለውም ይኼው ደንብ ነው። ማድረቁ ከተዘለለ ደግሞ እርጥበቱ ሻጋታ ያመጣል።

ስለዚህ ቶሎ ከሚያልቀው ግዙ። ምስር ክክ፣ አጃ፣ ሩዝና ቡና ይሄዳሉ፤ በእኛ ሰፈርማ ዐቢይ ጾም ሲገባ የቀይ ምስሩ ሣጥን ሲሞላና ሲጎድል ነው የሚውለው። ስማቸው ያልተለመደ ዱቄቶችና የተፈጩ ፍሬዎች ግን ወራት ይቀመጣሉ። ጭነት የሚገባበትን ቀን ጠይቁ፤ ከዚያ በማግሥቱ ሂዱ። በዚያ ቀን ሠራተኞቹ ሣጥኖቹን እየሞሉ ስለሆነ ከየትኛው ጆንያ እንደሚገለበጥ፣ ጆንያው ላይ ያለው ቀን ስንት እንደሆነ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ጥራጥሬ ላይ ብልሽቱ ሌላ መልክ አለው። ሙቀትና እርጥበት ባለበት ብዙ የተቀመጠ ሽምብራ ወይም ባቄላ አይሸትም፤ አይበስልም እንጂ። ሁለት ሰዓት ቀቅላችሁት ልቡ ጠጠር ሆኖ ከቀረ ጥፋቱ የድስቱ ወይም የእናንተ ላይሆን ይችላል። ስትገዙ ቆዳው የተጨማደደ፣ ቀለሙ የደበዘዘ፣ የተሰነጣጠቀው የበዛ ከሆነ እለፉት። ከገዛችሁ በኋላ ከደረሳችሁበት ደግሞ ቁንጥር የመጋገሪያ ሶዳ ጨምራችሁ አሳድሩት፤ ብዙውን ጊዜ ይረዳዋል።

ክዳኑ ጥግ ላይ የሸረሪት የሚመስል ቀጭን ድር ካያችሁ የሸረሪት አይደለም፤ እህል ውስጥ የሚፈለፈል የብል ትል ድር ነው። ከዚያ ሣጥን ብቻ ሳይሆን ከጎረቤቱም አትቅዱ። ጥርጣሬ ካለ ቤት እንደገባችሁ እህሉን በከረጢቱ ፍሪዘር ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ፣ አራት ቀን አቆዩት፤ ዕንቁላሉም ነቀዙም ይሞታል። ካወጣችሁት በኋላ ከረጢቱን ሳትከፍቱ ወደ ክፍል ሙቀት ይመለስ፤ ያለበለዚያ ጤዛ ይይዘውና እህሉ ይረጥባል።

ግሉተን የማይስማማው ሰው ካለባችሁ ከእነዚህ ሣጥኖች ጤፍ አትግዙለት። ጤፉ ራሱ ግሉተን የለውም፤ መጨለፊያው ግን ከጎኑ ካለው ገብስ ወይም ስንዴ ሊመጣ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ «ግሉተን የሌለው» ለመባል የተፈቀደው ጣሪያ በአንድ ሚሊዮን እጅ 20 ነው፤ አንድ ግድ የለሽ ጭልፊያ ከዚያ ያልፋል። ለእሱ የታሸገውን፣ ጽሑፉ ያለበትን ግዙ።

ሚዛኑ ላይ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እዚህ የምጠረጥረው ግን የራስን አመዛዘን ነው፤ ከሱቁ ይልቅ ገዢው ራሱ ሲሳሳት ብዙ አይቻለሁ።

ከቤት ጠርሙስ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ከመቅዳታችሁ በፊት ባዶውን፣ ከነክዳኑ፣ መዝኑና ቁጥሩን በስቲከር ለጥፉበት። ካሸሩ ያንን ይቀንስላችኋል። ስሕተቱ የሚመጣው ከፓውንድና ከአውንስ ነው። አንድ ፓውንድ 16 አውንስ ነው፤ የሱቁ ሚዛን ግን ፓውንዱን በመቶ ከፍሎ ነው የሚያሳየው። ቤት በወጥ ቤት ሚዛን 14 አውንስ የመጣ ጠርሙስ ሱቅ ውስጥ 0.88 ፓውንድ ነው። ብዙ ሰው 0.14 ብሎ ይጽፋል። በፓውንድ 4 ዶላር የሚሸጥ ጤፍ ከሞላበት፣ ወደ 3 ዶላር ገደማ የከፈለው ለመስታወቱ ነው። ከዚያ «ኮኦፕ ውድ ነው» ይላል። ቤት መዝናችሁ ከሆነ የአውንሱን ቁጥር ለ16 አካፍሉት፤ ወይም እዚያው ሱቅ መዝኑት።

ሁለተኛው ቁጥር ከሣጥኑ አይታችሁ ከረጢቱ ላይ የምትጽፉት የዕቃው መለያ ነው። ምስር ክኩን መዝናችሁ የአጃውን ቁጥር ከጻፋችሁ ማሽኑ አጃ ነው የሚያስከፍላችሁ፤ ትርፍም ኪሳራም ይሆናል፣ የሱቁም ቆጠራ ይዛባል። ቆጠራው ሲዛባ ትእዛዙ ይዛባል፤ የማይፈለገው ይበዛል፣ የሚፈለገው ያልቃል። ፍራፍሬ ላይ ያሉት ቁጥሮች ግን የትም አንድ ናቸው፤ ተራው ሙዝ 4011፣ ኦርጋኒኩ 94011። ፊቱ 9 ያለው ባለ አምስት አኃዝ ቁጥር ኦርጋኒክ ነው።

ኦርጋኒክ የሚለው ቃል ራሱ በሕግ የተለካ ነው፤ የአሜሪካ እርሻ ሚኒስቴርን ማኅተም የያዘ ምርት ቢያንስ 95 በመቶው ኦርጋኒክ መሆን አለበት። «ከኦርጋኒክ የተሠራ» የሚለው ግን 70 በመቶ ይበቃዋል። «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል እንዲህ ያለ ማረጋገጫ የለበትም፤ ለእሱ ተጨማሪ ዋጋ አትክፈሉ። ከእነዚህ ሁሉ ማኅተሞች አንዱም ስለ ትኩስነት አይናገርም። ያ የኔ ተልባ ኦርጋኒክ ነበር።

ትንሿ ሱቅ በእርግጥ የምትረክሰው በቅመም ላይ ነው። በፓውንድ 20 ዶላር የተጻፈበት እርድ ሲታይ ያስደነግጣል፤ አንድ አውንሱ ግን 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ይወጣዋል። እርድ፣ አብሽ፣ ሄልና ጥቁር አዝሙድ ለአንድ ወር የሚበቃውን ብቻ ቅዱ። ትልቅ ሱፐርማርኬት ውስጥ ያንኑ ያህል የሚከፈለው ለብልቃጡ ነው።

«ቀድሞ የነገረን ሰው የለም»

ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ተናገርኩ። ሠራተኛዋ ምስር እየሞላች ነበር። ክዳኑን ገልጣ አንድ ጊዜ ብቻ አሸተተች፤ ፊቷ ተለወጠ። ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ትንሽ ወረቀት ፈልጋ አነበበች፤ ለመጨረሻ ጊዜ የተሞላው ከሦስት ወር በፊት ነው። ሣጥኑን ከቦታው ነቅላ ወደ ጓዳ ወሰደችው። ቅር አላላትም፤ አመሰገነችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ «ቀድሞ የነገረን ሰው የለም» አለች።

ያቺ ዓረፍተ ነገር ናት ቆም ያደረገችኝ። ሦስት ወር ሙሉ ስንት ሰው ነው ያንን ክዳን የገለጠው? አብዛኛው አባል ነው፤ አብዛኛው እንደኔ ሸቶት መልሶ ዘግቷል። እያንዳንዱ ሌላው የሚነግር መስሎታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የምንለው ስለ ታማሚ ነው፤ ሱቅም ይታመማል።

ዝምታው ከየት እንደተማርነው ሳስብ የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ይመጣብኛል። በራሽን ዘመን ስኳሩ እርጥብ ቢሆን፣ ሳሙናው ቢሰባበር፣ «ለውጡልኝ» ብሎ የሚከራከር አልነበረም፤ የተሰጠውን ተቀብሎ መሄድ ነበር። «የኅብረት» የሚለው ቃል በብዙዎቻችን ጆሮ የጋራ ንብረት ከመሆን ይልቅ የመንግሥት ችሮታ ሆኖ ቀረ። ዛሬም አገር ቤት ሸማቾች ማኅበር በር ላይ ለዘይት የሚሰለፈው ሰው፣ ብዙ ጊዜ አክሲዮን ያለው አባል ሆኖ ሳለ፣ ለልመና እንደመጣ ነው የሚቆመው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ለእያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ ይሰጠዋል። ድምፁ ግን በዓመት አንድ ጊዜ ለሚነሣ እጅ ብቻ አይመስለኝም፤ «ይኼ ዱቄት ሸቷል» ማለትም ድምፅ ነው።

የነገሩ መነሻም ይኸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1844 እንግሊዝ አገር ሮችዴል ከተማ ውስጥ 28 ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ሱቅ ሲከፍቱ ይዘውት የተነሡት ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳር፣ አጃና ሻማ ነበር። በዚያ ዘመን ነጋዴ ዱቄት ላይ ጠመኔ ይቀላቅላል፣ ሚዛን ያጎድላል። እነሱ የቆረጡት ያልተቀላቀለ ዕቃ፣ በሙሉ ሚዛን፣ ለመሸጥ ነው። በርበሬ ላይ ሸክላ የተፈጨበትን ጊዜ የሚያስታውስ አንባቢ ይህ ለምን ትልቅ ነገር እንደነበረ ማስረዳት አያስፈልገውም። እነዚያ ሰዎች ጥራቱን ያስጠበቁት የሚገዙትም የሚሸጡትም እነሱው ስለነበሩ ነው። ገዢው ዝም ካለ ያ ሁሉ አሠራር ከተራ ሱቅ አይለይም፤ እንዲያውም ትንሽ ስለሆነ ዕቃው የባሰ ይከርማል።

መናገርም ወግ አለው። ወረፋው በበዛበት ሰዓት ካሸሩ ላይ አትጩኹ፤ ሣጥኑን የሚሞላውን ሰው ፈልጉ። የሣጥኑን ቁጥር፣ ያያችሁትን ወይም ያሸተታችሁትን፣ ቀኑን ንገሩ። ገዝታችሁ ከሆነ የቀረውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ገንዘቡ ይመለስላችኋል፣ እነሱም ከአቅራቢው ጋር የሚነጋገሩበት ማስረጃ ያገኛሉ። ሁለት ጊዜ ተነግሮ ካልተስተካከለ ለቦርዱ በጽሑፍ ይቅረብ። የቦርድ ስብሰባ ለአባል ክፍት በሆነበት ሱቅ ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ ገጽ ደብዳቤ ብዙ ይሠራል።

ስለ ጆንያ

ብዙ ኮኦፖች አባል ሙሉ ጆንያ አስቀድሞ ሲያዝ ዋጋ ይቀንሳሉ፤ 10 በመቶ የተለመደ ነው። በአሜሪካዋ አይዳሆ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሚበቅለው ጤፍ በ25 ፓውንድ፣ ማለት 11 ኪሎ ግራም ገደማ በሆነ ጆንያ ይመጣል። አራት ቤት ሆኖ መካፈል ነው፤ ለእያንዳንዱ ከ6 ፓውንድ በላይ ትንሽ ይደርሰዋል። ጤፉ በፍሬው ከሆነ የሚከፋ ነገር የለውም፣ ይቆያል። ዱቄት ከሆነ ግን በሁለት ሦስት ወር የሚያልቅ ብቻ እዘዙ። ተልባ፣ ዎልነትና ቡናማ ሩዝ በጆንያ ማዘዝ ቅናሹን ለማግኘት ብሎ ዕቃውን ማጣት ነው፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው።

የተልባው ሣጥን ከዚያ ወዲህ ወደ ታችኛው መደርደሪያ፣ መብራት ወደማያገኘው ጥግ ወርዷል። አሁን የሚሞላው ሙሉ ፍሬ ነው፤ የተሞላበት ቀንም ፊት ለፊት፣ ገዢ በሚያየው ቦታ፣ በማርከር ይጻፋል። ለጾም ተልባ ከእሱ ግማሽ ፓውንድ እወስዳለሁ፤ በደረቅ ምጣድ መካከለኛ እሳት ላይ መንጣጣት እስኪጀምር ድረስ አምሼ፣ አቀዝቅዤ፣ ፈጭቼ እነፋዋለሁ። ትኩስ ሳለ ከተፈጨ ዘይቱ ይወጣና መፍጫው ላይ ይጋገራል። ለዕለቱ የሚበቃውን በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጬ፣ የቀረውን በትንሽ ብልቃጥ ፍሪዘር ውስጥ አኖረዋለሁ፤ ብልቃጡም ላይ ቀኑን እጽፋለሁ።